የሃምሳ አለቃው ሜዳይ ለምን አይጻፍም?

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ስለ ጦርነት አይደለም። ስለ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። በአንድ ሰው የግል ማኅደር ውስጥ፣ ስለ ሽልማት በሚጠይቀው ባዶ ቦታ ላይ መጻፍ ሲገባው እስከ ዛሬ ስላልተጻፈ አንድ መስመር።

ሰውየው የሚኖሩት ቡሬ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸውም እንዲጠራ አልፈለጉም። «ስሜ የሚጻፍበት ቦታ ሌላ ነው፤ እዚያ ይጻፍልኝ» ነው ያሉኝ። ሠፈሩ ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» ስለሚላቸው እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለች ጥማድ መሬታቸው በቆሎና በርበሬ ይዘሩባታል። በግራ እግራቸው ትንሽ ያነክሳሉ። ከግድግዳቸው ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ሐረር ከተማ ከአንድ ፎቶ ቤት የተነሡት ነው። ቀጭን፣ ዓይኑ የፈጠጠ ወጣት፤ ደረቱ ላይ ሜዳይ። ወጣቱ እሳቸው መሆናቸውን ለማመን ረጅም ጊዜ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ቀን አስጠሩኝ። «ልጄ፣ ጽሑፍ ትችላለህ አሉ። አንድ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አሉ።

«ምን ተብሎ ይጻፍ ሃምሳ አለቃ?» አልኋቸው።

«ገንዘብ አልጠይቅም በል። ቤትም መሬትም አልጠይቅም በል። በ70 ዓ.ም. በምሥራቅ ጦር ግንባር ሜዳይ ተሰጥቶኛል፤ ማኅደሬ ላይ ግን የለም፤ ይግባልኝ በል። አለቀ።»

በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ ከተመረቅሁ ወዲህ ብዙ ገጽ ጽፌአለሁ። ከዚያች አራት መስመር ማመልከቻ ያጠረ ግን አልጻፍሁም። ከዚያች የበለጠ አገር የዞረም አልጻፍሁም። ፍኖተ ሰላም ደርሳለች፤ ባሕር ዳር ደርሳለች፤ አዲስ አበባ ደርሳለች። መሥሪያ ቤቱን በስም አላነሣም፤ አንድ ብቻ ስላልሆነ ማንሣቱም ፍትሕ አይሆንም። ከየመስኮቱ ይዛ የተመለሰችው መልስ ግን አንድ ነው፤ «ማስረጃ የለም።»

* * *

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃምሳ አለቃ በ1969 ዓ.ም. ከቡሬ ገጠር በሚሊሺያነት ተመልምለው ታጠቅ ጦር ሠፈር ሠለጠኑ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የዚያድ ባሬ ጦር ወረራውን አስፋፋ። መስከረም 1970 ላይ ጅጅጋ ወደቀች። ያን ጊዜ የገበሬ ልጅ ሁሉ በመኪና እየተጫነ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ሃምሳ አለቃም አብረው ሄዱ። በኩባ ወታደሮች የታገዘው ሠራዊታችን ካራማራን አልፎ ጅጅጋን ያስመለሰው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ቀኑ ይታሰባል።

ምን ጀብዱ እንደ ሠሩ ስጠይቃቸው ሃምሳ አለቃ ወሬ አያስረዝሙም። «ሰው ተሸክሜ ወጣሁ። ሌላው ወሬ ነው» ይላሉ። የተሸከሙት የቆሰለ የመቶ አዛዣቸውን እንደ ሆነ፣ እግራቸውም የተመታው በዚያው መንገድ እንደ ሆነ የሰማሁት ከጓደኛቸው ነው።

ሜዳዩ በሰልፍ ላይ ተሰጠ። ችግሩም የተጀመረው በሰልፉ ላይ ነው። ዝርዝሩን የሚያነበው መኮንን የሃምሳ አለቃን አባት ስም አሳስቶ ጠራው። «ታዲያ ለምን አላረሙትም?» አልኋቸው።

ሳቁብኝ። «ልጄ፣ በሰልፍ መካከል መኮንን ይታረማል እንዴ? ስሜ ሲጠራ ወጣሁ፤ ሰላምታ ሰጠሁ፤ ደረቴ ላይ ለጠፉልኝ፤ ተመለስሁ።»

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚያ ዝርዝር ላይ አንድ ሰው ሜዳይ ተቀብሏል፤ ያ ሰው ግን በዓለም ላይ የለም። በግል ማኅደሩ ዝርዝር ደግሞ አንድ ሰው አለ፤ ሜዳይ ግን የለውም። ሁለቱን ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የጦር ክፍሉንና ቀኑን የሚያስተያይ አንድ ጸሐፊ ቢገኝ ነገሩ ከሰዓት በፊት ያልቅ ነበር። አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ሃምሳ አለቃ ወደ ሰሜን ተዛወሩ። የጦር ክፍላቸው ሰነድ ከጦር ክፍሉ ጋር ይጓዝ ነበር። መጋቢት 1980 ላይ ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ሲፈርስ ሰውም ሰነድም አብሮ ተበተነ። ግንቦት 1983 ሲመጣ ደግሞ ሠራዊቱ ራሱ ፈረሰ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ወደየቀዬው ተመለሰ። የማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ወደ ገጠር የሚገባውን በእህልና በእርሻ ግብአት ሸኘው። ሸኚው ለሆዱ አሰበለት፤ እሰየው፤ ለታሪኩ ግን ማን አሰበ? በዚያ ሰሞን «የደርግ ወታደር» መባል በራሱ ክስ ነበር። ሃምሳ አለቃም ሜዳያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በእንስራ ከተው፣ ጓሮ ቀበሩት። ከዓመታት በኋላ ሲያወጡት ሪባኑ በስብሶ ብረቱ ብቻ ቀርቷል።

ብረቱን ይዘው ሄዱ። በአንዱ መስኮት «አባት፣ ሜዳይ እኮ ገበያ ላይም ይገዛል» ተባሉ። ፎቶውን ይዘው ሄዱ። «ፎቶ ማስረጃ አይሆንም» ተባሉ። ምስክር ልጥራ ቢሉ «የትእዛዙን ቁጥር ያምጡ» ተባሉ። የትእዛዙን ቁጥር የጻፈው መሥሪያ ቤት፣ ያስቀመጠው መሥሪያ ቤት፣ የጠፋውም በመንግሥት እጅ እያለ ነው። አምጣ የሚባለው ግን ገበሬው ነው!

በአንድ ሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ወጣት ጸሐፊ ማመልከቻዋን አየና «ከቡሬ ነዎት? ቡሬ ግንባር ነው የተዋጉት?» ብሎ በትሕትና ጠየቃቸው። ልጁ ያሰበው ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ያለውን፣ ከኤርትራ ጋር በተደረገው የ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ጦርነት ስሙ የገነነውን የአፋሩን ቡሬ ነው። ሃምሳ አለቃም «የኔ ቡሬ የተወለድሁበት ነው፤ የተዋጋሁበት ሌላ ነው» አሉት። ልጁ አላጠፋም። በካራማራ ጊዜ አልተወለደም። የሚያሳዝነው ግን የአንድ አገር መዝገብ ያለው በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በጸሐፊው ዕድሜ ልክ መሆኑ ነው።

* * *

የሚገርመው፣ ቡሬ ይህን ክርክር ዛሬ አይደለም የምታውቀው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው ኡም ኢድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። የእንግሊዙ መኮንን ኦርድ ዊንጌት «የጌዴዎን ጦር» ብሎ የሰየመውን ትንሽ ሠራዊት ይዞ ጎጃም ገባ። ሠራዊቱ በአብዛኛው የሱዳን ወታደሮችና ከስደት የተመለመሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አገሩን ግን አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደል ይዘው የቆዩት የጎጃም አርበኞች፣ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ናቸው። ቡሬ ላይ በኮሎኔል ናታሌ የሚመራ ብዙ ሺህ የጣሊያን ጦር መሽጎ ነበር። ዊንጌት በቁጥር እጅግ ያንስ ስለነበር በሌሊት እየመታ፣ በድምፅ ማጉያ እየቀሰቀሰ ጠላቱን አስደነገጠው። ናታሌም የመጣበት ጦር እጅግ ብዙ መስሎት የካቲት 25 ምሽጉን ጥሎ ወደ ደምበጫ ወጣ።

ሲወጣ ግን በመንገዱ ላይ ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተጋጠመ። ያ ሻለቃ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ነበር፤ የመጣበት በሺዎች ነው። ብዙ ሰው ወደቀበት። የፈረንጅ መጻሕፍት ይህን ውጊያ ሲተርኩ የእንግሊዛዊውን የሻለቃ አዛዥ ስም ይጠራሉ። የእኛዎቹስ? «ኢትዮጵያውያን ወታደሮች» ተብለው በጅምላ ያልፋሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ የጌዴዎን ጦር ተበተነ። ዊንጌትም ከአዛዥነቱ ተነሥቶ ማዕረጉ ወደ ሻለቃነት ወረደ። ለወታደሮቹ ሽልማት እንዲሰጣቸው ጠየቀ፤ ጥያቄው ችላ ተባለ። ያልተከፈላቸው ደመወዝ እንዲከፈላቸው ጠየቀ፤ እንቅፋት በዛበት። ካይሮ ሄዶ መራራ ሪፖርት ጻፈ። በወባና በሐዘን ተደራርቦ በሰኔ ወር በሆቴል ክፍሉ ውስጥ ራሱን በቢላ ሊያጠፋ ሞከረ፤ ተረፈ። ለእሱ ለራሱ ቀደም ሲል የነበረውን ዲ.ኤስ.ኦ. የተባለ ከፍተኛ ሜዳይ በድጋሚ ሰጡት። በ1936 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ጄኔራል ነበር፤ በስሙም አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ተሰየመለት። ይገባዋል፤ አልከራከርም። ነገር ግን የወታደሮቼ ሜዳይ የት አለ ብሎ የጮኸው ሰው ሜዳይ ሲያገኝ የጮኸላቸው ሰዎች ምን አገኙ?

ስለዚህ የሃምሳ አለቃ ማመልከቻ ከቡሬ የተነሣች የመጀመሪያዋ አይደለችም። የመጀመሪያውን ያቀረበው የጦሩ አዛዥ ራሱ ነበር። እሱም አልተሳካለትም።

ከነፃነት በኋላ በራሳችን መንግሥት የሆነውንም እናውቃለን። ለአርበኛው የአርበኝነት ሜዳይ ከነዘንባባው፣ ለስደተኛውም የስደተኛ ሜዳይ ተዘጋጀ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁንና አምስት ዓመት በጫካ የከረመ ገበሬ ምስክር ፍለጋ ሲንከራተት፣ ለጠላት አድሮ የከረመው ደግሞ ደረቱን በሜዳይ ሲያስጌጥ ታየ የሚለው ምሬት በጎጃም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጥር 1937 ላይ በስቅላት መሞታቸው ደግሞ በቁስሉ ላይ ጨው ነሰነሰበት። አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ያሉት ወደው አይደለም።

* * *

አሁን የተቃራኒውን ወገን ክርክር ልስማ። ክርክሩ ባዶ አይደለምና።

አንደኛው፣ «በር ከተከፈተ አጭበርባሪ ይገባል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይገባል። ከነፃነት በኋላም ገብቷል። ግን በሩ ዛሬ ተዘግቶ አጭበርባሪው ቀርቷል? አጭበርባሪ በመስኮት አይሰለፍም። አጭበርባሪ ሰው ያውቃል፤ በስልክ ይጨርሳል። በመስኮት የሚሰለፈው ሰው የማያውቀው ነው። የተዘጋ በር የሚከለክለው ሐቀኛውን ብቻ ነው። ማጭበርበርን የሚከላከለው ግልጽ ሥርዓት ነው፤ ማን መሰከረ፣ ምን ተመረመረ፣ ማን ፈረመ የሚለው በጽሑፍ የሚቀመጥበት ሥርዓት።

ሁለተኛው ክርክር ከበድ ይላል። «እነዚህ ሜዳዮች የደርግ ናቸው። ደርግ ገዳይ መንግሥት ነበር። ወታደሩም በሰሜን የተዋጋው ከገዛ ወንድሙ ጋር ነው። ይህን ሁሉ ልናከብር ነው ወይ?» ይላል። በዚህ ላይ መሸፋፈን አልፈልግም። ከወራሪ ጋር የተደረገ ውጊያና የወንድማማች ጦርነት አንድ አይደሉም። በወንድማማች ጦርነት የተሰጠ ሜዳይ የሚያኮራ ነው ብዬ አልጽፍም። ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ስለ ሰሜኑ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ከብዙ ሰው ንግግር ይበልጥብኛል።

ነገር ግን የግል ማኅደር የገድል መጽሐፍ አይደለም። የጻድቃን ስም ብቻ አይደለም የሚጻፍበት። ቅጣት ይጻፍበታል፤ ከሥራ የቀሩበት ቀን ይጻፍበታል። ሃምሳ አለቃ በአንድ ወቅት ያለ ፈቃድ ከጦር ሠፈር ወጥተው ሰባት ቀን ታስረዋል፤ ያ ማኅደራቸው ላይ አለ! አንብበው አሳይተውኛል። የሰባቱ ቀን እስር ሦስት መንግሥት ተሻግሮ ሳይጠፋ ሜዳዩ ብቻ እንዴት «ያለፈው ሥርዓት ነው» ይባላል? ያለፈው ሥርዓት ቅጣቱ የሚጸና፣ ሽልማቱ የሚሻር ከሆነ ይህ ፍርድ አይደለም፤ ቂም ነው። ሜዳዩን ማኅደር ላይ መጻፍ ማለት ደርግን ማወደስ ማለት አይደለም። በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ለዚህ ሰው ይህ ተሰጥቶታል ማለት ነው። ታሪክ ጸሐፊው የወደደውን ይበል፤ መዝገብ ቤቱ ግን የሆነውን ይጻፍ።

ደግሞስ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመውን የትግላችን ሐውልት ያየ ሰው ምን ይላል? በምሥራቁ ጦርነት የወደቁ የኩባ ወታደሮች ስምና ምስል እዚያ አለ። መልካም ተደርጓል፤ ከባሕር ማዶ መጥተው የሞቱልንን መርሳት ነውር ነው። እኔ የምጠይቀው በድንጋይ ላይ አይደለም። የቡሬው ገበሬ ሐውልት አልጠየቀም፤ ቀለም ነው የጠየቀ።

ሦስተኛው ክርክር «ነገ ጥቅማ ጥቅም ይጠይቃሉ» የሚል ነው። ይህ ከሁሉ ያሳፍረኛል። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው «ገንዘብ አልጠይቅም» ብሎ በማመልከቻው የመጀመሪያ መስመር ላይ እንዲጻፍለት ያደረገው ይህን ጥርጣሬ ስለሚያውቀው ነው። ወታደር ለአገሩ ደሙን ሲሰጥ ደረሰኝ አልጠየቀም። አገር ግን ለአንድ መስመር ጽሑፍ ዋስትና ትጠይቀዋለች!

* * *

ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል? ሌላው ዓለም ከኛ የተሻለ ልብ ስላለው አይደለም፤ ሥርዓት ስላለው ነው።

በአሜሪካን አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ የወታደሮች የግል ማኅደር የሚቀመጥበት ትልቅ ሕንፃ በፈረንጆች 1973 ሐምሌ ወር ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ማኅደር ዐመድ ሆነ። ታዲያ መንግሥታቸው ለሚሊዮኖቹ «ማስረጃ ካላመጣችሁ አላውቃችሁም» አላለም። ከደመወዝ መክፈያው፣ ከሆስፒታሉ፣ ከጦር ክፍሉ ዕለታዊ መዝገብ እየለቀመ ማኅደሩን መልሶ የሚገነባበት አሠራር ዘረጋ። ከዚያም ሌላ፣ የአገልግሎት መዝገቡ ስሕተት አለበት ወይም ሜዳዬ ተዘሏል የሚል ወታደር የሚያመለክትበት፣ ቅጽ ያለው፣ በጽሑፍ የሚወስን ቦርድ አለ። እነዚሁ አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተዋጉ ጥቁር ወታደሮቻቸው ከፍተኛውን የክብር ሜዳይ አንድም ሳይሰጡ ቀርተው ነበር። በ1997 ነገሩን መርምረው ለሰባት ሰዎች ሰጡ። ከሰባቱ በሕይወት የነበረው አንድ ብቻ ነው። እንግሊዞችም በአርክቲክ ባሕር ላይ ለተጓዙ መርከበኞቻቸው የተለየ ሜዳይ ያወጡት በ2013 ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ ከስልሳ ዓመት በላይ ቈይቶ።

ዘገዩ? አዎን፣ ዘገዩ። ለስድስቱ አልደረሰላቸውም። ግን «ዘመኑ አልፏል» አላሉም። መንግሥት ተለወጠ ብለውም አላመካኙም።

የኛ አገር ችግር እሳት ብቻ አይደለም። የኛ ችግር እያንዳንዱ መንግሥት ታሪክን ከራሱ መጀመሩ ነው። ንጉሡ ከአርበኛው ስደተኛውን አስበለጡ ተብለው ታሙ። ደርግ ሲመጣ በኮሪያ ተራሮች ላይ የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ሰዎች ከሶሻሊስት ጋር ተዋግታችኋል ተብሎ ፊት ተነሣቸው። ኢሕአዴግ ሲመጣ የምሥራቁም የሰሜኑም ወታደር «የደርግ ሠራዊት» በሚል አንድ ጆንያ ታሰረ። ወታደሩ ግን ሁልጊዜ ያው የገበሬ ልጅ ነው። ሰንደቅ ዓላማውን ይዞ ውጣ ያለው መንግሥት ነው፤ የወጣው ለአገሩ ነው።

በዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ የቈየ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። በሞዴል 19 ዕቃ የተረከበ ሰው ዕቃው ሲጠፋ ይጠየቃል። «ዕቃህ መኖሩን አንተ አስረዳ» ብሎ ባለንብረቱን አያባርርም። የሰው ታሪክ ከአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ያንሳል? መንግሥት የሃምሳ አለቃን ታሪክ ተረክቧል። ጠፋ። የጠፋው በተረካቢው እጅ ነው። ስለዚህ የማስረዳት ሸክሙ ከአስረካቢው ጫንቃ ይውረድ። መከራከሪያዬ ሁሉ ይህ ነው።

* * *

ምን ይደረግ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው።

አንደኛ፣ የአገልግሎት መዝገብ ማረሚያ ቦርድ ይቋቋም። በውስጡም የሕግ ሰው፣ የመዝገብ ሰው፣ ከየዘመኑም ሠራዊት የተውጣጡ የቀድሞ ወታደሮች ይኑሩበት። የንጉሡም፣ የደርግም፣ የኢሕአዴግም፣ የዛሬውም ወታደር በአንድ በር ይግባ። ሁለተኛ፣ ተቀባይነት ያለው ማስረጃ ምን ምን እንደ ሆነ በጽሑፍ ይውጣ። በመሐላ የሚመሰክሩ ሦስት የጦር ጓዶች፣ የዘመኑ ፎቶግራፍ፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ በወመዘክር የተቀመጠ የጊዜው ጋዜጣ፣ እነዚህ ተደጋግፈው ይመዘኑ። የስም ስሕተት ያለበትን ዝርዝር ማመሳከር የአመልካቹ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ይሁን። ሦስተኛ፣ «አይቻልም» የሚል መልስ ቢሰጥ እንኳ በጽሑፍ፣ በቀን ገደብና ከነምክንያቱ ይሰጥ። ሃምሳ አለቃ እስከ ዛሬ የተነገራቸው ሁሉ በአፍ ነው። በአፍ የተነገረ እንቢታ ይግባኝ የለውም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ባየው ግጭት የስንቱ ቀበሌ፣ የስንቱ ወረዳ ወረቀት ምን ላይ እንዳለ ማሰቡም ይከብዳል። ነገም «ማስረጃ የለም» የሚባል ሰው ዛሬ እየተፈጠረ ነው። ይህን ሥርዓት የምንሠራው ለሽማግሌዎች ብቻ አይደለም።

* * *

ጽሑፌን ልዘጋ ነው። ከመዝጋቴ በፊት ስለ ምስክሮቹ ልናገር።

ያን ቀን በሰልፉ ላይ ከነበሩት የሃምሳ አለቃ የቅርብ ጓዶች በሕይወት የቀሩት ሦስት ነበሩ። አንዱ ማመልከቻዋን ከመጻፋችን በፊት አረፉ። ሁለተኛው ማመልከቻዋ ባሕር ዳር እያለች አረፉ። ሦስተኛው ሽንዲ አካባቢ የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስለ ተሸከሙት የመቶ አዛዥ ያጫወቱኝ እሳቸው ናቸው። ለመመስከር እንደሚመጡ ቃል ገብተው ነበር። «ቀጠሮው ሲታወቅ ላኩብኝ፤ በቃሬዛም ቢሆን እመጣለሁ» አሉ። ቀጠሮው አልታወቀም። ባለፈው ጊዜ ቡሬ ስሄድ ሃምሳ አለቃን ከለቅሶ ሲመለሱ አገኘኋቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ማን እንደ ሞተ አልጠየቅኋቸውም።

ቡና ተፈላ። ለብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ እንግዲህ እኔ ስሞት የሕይወት ታሪኬን አንተ ታነባለህ። ሜዳዩን እዚያ ላይ አንብብልኝ» አሉኝ።

አነባለሁ። ግን በለቅሶ ላይ የሚነበብ ታሪክ ምን እንደሚመስል አንባቢ ያውቃል። በለቅሶ ላይ ጀግና ያልሆነ ሰው የለም። ሕዝቡም አንገቱን ደፍቶ ሰምቶ፣ እውነቱን ከውሸቱ ሳይለይ፣ ንፍሮውን ዘግኖ ይሄዳል። ሃምሳ አለቃ የሚፈልጉት ይህን አይደለም። በሕይወታቸው ሳሉ፣ ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ፣ የአባታቸው ስም ሳይሳሳት፣ አንድ መስመር ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። የኛ አገር ወረቀት የሰባቱን ቀን እስር አልለቀቀም። ሜዳዩንስ የሚያስይዘው ማነው?